ከመኪናችን ላይ ዕቃ ሲፈታ ለምን አልተነገረንም?

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ለተሽከርካሪ አቅራቢ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከድርጅታችሁ የገዛናቸውን 12 የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍልዎ የሠራተኛ ሰርቪስ በሚሰጠው ድርጅታችን የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ነው። ከእናንተ የገዛናቸው ሚኒባሶች በየቀኑ በእኔ እጅ ያልፋሉ። ጉዳዩ የአንድ መኪና ብልሽት ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ እንጨርሰው ነበር። መኪና ይበላሻል፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ የምታውቁትን ነገር እኛ በራሳችን ፍለጋ፣ ከጉዳቱ በኋላ ነው የምንደርስበት።

ዋናውን ላስቀድም። ክረምት ላይ አንዱ ሚኒባስ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ተበላሽቶ ጋራዣችሁ ገባ። ዕቃው ከቻይና እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን፤ ጠበቅን። መኪናው ተሠርቶ ሲመለስ ሹፌሩ "ዳገት ላይ ጉልበት አጥቷል" አለኝ። ኤሌክትሪሺያናችን ከፍቶ አየው። ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል፣ የሞተር ኮንትሮለሩ፣ መለያ ቁጥሩ በርክክቡ ጊዜ ከመዘገብነው ጋር አይገጥምም። ብሎኖቹም ተፈትተው እንደገና የታሰሩ ናቸው። ለፍሬን የገባ መኪና ኮንትሮለሩ ለምን ይነካል?

የጋራዡን ኃላፊ ስንጠይቅ መጀመሪያ "ማንም አልነካውም" አሉን። የርክክብ ሰነዱንና ፎቶውን ስናስቀምጥላቸው ነገሩ ተቀየረ። አንድ ሌላ ደንበኛ ተቸግሮ ነበር፤ የእኛ መኪና ደግሞ ዕቃ እየጠበቀ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ከእኛው ላይ ፈትተው ለእሱ ገጠሙለት። ለእኛ የተተካው ኮንትሮለር ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ በጽሑፍ የነገረን የለም። አዲስ እንዳልሆነ ግን ያየው ሁሉ ይመሰክራል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያ መኪና የእኛ ነው። ሊብሬው በስማችን ነው። የባንክ ዕዳውን በየወሩ የምንከፍለው እኛ ነን። ደውላችሁ "እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞናል፣ ትፈቅዱልናላችሁ?" ብትሉን ምናልባት እሺ እንል ነበር፤ በዚህ ሥራ ውስጥ መረዳዳት አለ። አልጠየቃችሁንም። ስንደርስባችሁም ካዳችሁ። አሁን መኪና ወደ ጋራዣችሁ ከመላካችን በፊት የዋና ዋና ክፍሎቹን ቁጥር ፎቶ እናነሳለን። ከአቅራቢያችን ጋር በዚህ ዓይን መተያየት በጣም ያሳዝነኛል።

የሚያሳዝነኝም በምክንያት ነው። ከእናንተ ጋር የጀመርነው እንዲህ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ እኛም የነዳጅ ወረፋ አሰልችቶን ነበርና ወደ ኤሌክትሪክ ለመዞር ወሰንን። ውላችንን ፈርመን ቅድመ ክፍያ ከፈልን። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ወደ ቢሯችን የመጣችሁት እናንተው ናችሁ። የባንክ ወረቀታችሁን ዘርግታችሁ፣ በድሮው ዋጋ ብታስገቡ ምን ያህል እንደምትከስሩ አሳያችሁን። ውሉ የዋጋ ጭማሪ አይፈቅድም ነበር። ሆኖም እውነቱን ስለነገራችሁን የልዩነቱን ከፊል ተካፈልን። ቦርዳችንን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። "እነዚህ ሰዎች አይደብቁንም" ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አሁን ያ ቦርድ ስለ ኮንትሮለሩ ሲጠይቀኝ የማሳየው አንድም ወረቀት የለኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የርቀቱ ነው። ፕሮፎርማችሁ ላይ "በአንድ ቻርጅ 300 ኪሎ ሜትር" ይላል። የስምሪት ዕቅዳችንን በዚህ ቁጥር ላይ ሠራን። ሥራ ከጀመርን በኋላ ማኑዋሉን ስናስተረጉም፣ ቁጥሩ የተለካው መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሳይቆምና ሳይፈጥን ሲነዳ እንደሆነ አነበብን። ከሽሮ ሜዳ ቦሌ ለሚ እንዲህ የሚነዳ የለም። ሰው ሞልቶ፣ በየፌርማታው ቆሞ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚሄደው። የአዳማው መስመራችንማ የባሰ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ። መውረዱ ባትሪውን ጥቂት ይመልስለታል፤ መመለሱ ግን ሙሉውን ዳገት ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ዳገት ላይ ብዙ ኃይል መፍጀቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሻጭ ይህን ያውቃል። መስመሮቻችንን በጽሑፍ ሰጥተናችሁ ነበር። "በእናንተ መንገድ ከ200 ብዙ አትጠብቁ" ብትሉን መኪናውን ከመግዛት አንመለስም ነበር። ስምሪቱን በልኩ እንሠራው ነበር።

ባትሪው ላይ ስለተሰጠን ዋስትናም መናገር አለብኝ። በሽያጩ ጊዜ የሰማነው 8 ዓመት ነው። ከርክክቡ በኋላ የደረሰን የዋስትና ደብተር ግን ለኪራይና ለሰው ማመላለሻ ለሚውል መኪና 2 ዓመት ይላል። መኪናዎቹ ለሰርቪስ እንደሚውሉ ከመጀመሪያዋ ቀን ታውቃላችሁ። ባትሪ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ ነው። የዕዳ ዕቅዳችንን ያወጣነው 8 ዓመት ብለን ነው። ሁለት ደብዳቤ ጽፈን ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁን።

የዚህ ሁሉ ዳፋ ቢሮ ውስጥ አይቀርም። የምናመላልሳቸው ሠራተኞች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቆማሉ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። መኪና ሲቀር በጨለማ ታክሲ ይፈልጋሉ፤ ካረፈዱም ከደሞዛቸው ይቆረጣል። ፋብሪካው ደግሞ እኛን ይቀጣናል። ሹፌሮቼ ስድቡን ይቀበላሉ። እናንተ ጋ ይህ አይታይም ይሆናል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

አሁን የምንጠይቀውን ልንገርዎ። ከመኪናችን ላይ የተፈታው ኮንትሮለር ይመለስልን፤ ካልተቻለ አዲስ ከነሰነዱ ይገጠምልን። ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳዘዘና ከሌሎቹ መኪናዎቻችን ላይም ዕቃ ተፈትቶ እንደሆነ በፊርማና በማኅተም ይገለጽልን። የባትሪው ዋስትና በውሉ ጊዜ በተነገረን ልክ፣ የሰርቪስ ሥራን እንደሚጨምር በግልጽ ተጽፎ ይሰጠን።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። የመኪናዎቹን የብልሽት ኮድና የባትሪውን ጤንነት የሚያነበው መሣሪያ በእናንተ ጋራዥ ብቻ ነው ያለው። ባትሪያችን ከአቅሙ ምን ያህል እንደቀረው የምናውቀው እናንተ ስትነግሩን ብቻ ነው። ከሆነው ነገር በኋላ ይህ አይበቃንም። መሣሪያው ለእኛም ይሰጠን፤ ኤሌክትሪሺያናችንም ይሠልጥንበት። ወጪውን ለመካፈል ዝግጁ ነን። በየሦስት ወሩ የሚነበበው ውጤት በሁለታችን ባለሙያዎች ተፈርሞ ቢቀመጥ ነገ የዋስትና ክርክር ሲነሳ ሁለታችንም አንድ ወረቀት ላይ እንቆማለን። መጋዘናችሁ ውስጥ ያለውን የመለዋወጫ ዝርዝርም በየወሩ ላኩልን። ዕቃ ከሌለ የለም በሉን። የለም ከተባልን ሌላ መኪና ተከራይተን መስመሩን እንሸፍናለን፤ "ነገ ይመጣል" ስትሉን ግን ምንም ማድረግ አንችልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር እንዲስማማና ጉድለት እንዳይኖርበት ኃላፊ ያደርገዋል። ጠበቃችን ሰነዱን ይዟል። እኔ ግን ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ፊት ለፊት መነጋገር እመርጣለሁ። ተጨማሪ ሚኒባሶች ለመግዛት የያዝነው ዕቅድ አለ፤ ከላይ የጠየቅናቸው እስኪመለሱ ድረስ ከእናንተ ጋር የሚደረገውን ድርድር አቁመናል።

መልሳችሁን ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ የምትመጡ ከሆነ የጋራዡ ኃላፊም አብረው ይምጡ፤ የርክክብ ሰነዶቹን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የስምሪት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል
ለሕግ አማካሪ