ለእድራችን አዳራሽ ጄኔሬተር፦ ለሂውስተን ወገኖቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላትና ወዳጆች፣

ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ሲመታን በሂውስተንና በአካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ነፋሱ በዚያው ዕለት አለፈ፤ የጎዳን ከእርሱ በኋላ የመጣው ሙቀት ነው። አንዳንዱ ቤት መብራት ያገኘው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናታችንን ልጠይቅ ሄድኩ። ሊፍቱ ቆሟል። በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እርጥብ ነጠላ ግንባራቸው ላይ ጥለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። የኢንሱሊን ብልቃጣቸውን ውሃ በሞላው ድስት ውስጥ አቁመውታል፤ ውሃው ግን ከሞቀ ቆይቷል። «እኔስ ደህና ነኝ ልጄ፣ ይልቅ ሌሎቹን እይልኝ» አሉኝ። ደህና አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ግቢ ያለን ሰዎች ትንንሽ ጄኔሬተር ገዝተናል። አረጋውያኖቻችንና አዲስ መጤዎቻችን ግን የሚኖሩት በአፓርታማ ነው። በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሳት ሞትን መጥራት ነው፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ጫማ መራቅ አለበት፤ አፓርታማ ውስጥ ይህ ቦታ ከየት ይገኛል? በፌብሩዋሪ 2021 በከባዱ ብርድ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በዚሁ ጋዝ የእኛው ወገኖች ሳይቀሩ ሞተዋል። እባካችሁ፣ ለእነዚህ ሰዎች ጄኔሬተር ገዝተን አንስጣቸው፤ የሚመጡበትን ቦታ እናዘጋጅላቸው።

ያሰብነው ለአዳራሻችን በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ቋሚ ጄኔሬተር መትከል ነው። ቤንዚን ያልመረጥነው ማደያዎቹም ያለ መብራት ስለማይቀዱ ነው፤ በቤሪል ጊዜ የነበረውን ሰልፍ የቆማችሁበት ታውቁታላችሁ። የጋዙ ቧንቧ ግን ከመሬት በታች ስለሆነ ምሰሶ ቢወድቅም ብዙ ጊዜ አይቋረጥም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፤ አዳራሹንም ከመንገዱ መስመር ይነጥላል፤ ይህ ካልሆነ ኃይሉ ወደ ውጭ ተመልሶ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ለኦክስጅን ማሽን፣ ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ ለአየር ማራገቢያና ለወጥ ቤቱ ኃይል ይኖረናል ማለት ነው።

ወጪው የማሽኑ ብቻ አይደለም። የጋዝ መስመር፣ የሲሚንቶ መደብ፣ የከተማው ፈቃድና ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አለበት። ኮሚቴው ከሦስት ተቋራጮች ዋጋ ሰብስቦ ለጠቅላላ ጉባኤው ሳያሳይ አንድ ዶላር አይከፍልም። ከየቤተሰቡ 150 ዶላር እንጠይቃለን፤ የቻለ ይጨምር፣ በየወሩ ከፋፍሎ መስጠትም ይቻላል። ገና ሥራ ያልያዛችሁ አትጨነቁ፤ አዳራሹ የእናንተም ነው። በሙያው ፈቃድ ያላችሁ አባላት ደግሞ ተቋራጮቹ የሚያቀርቡትን ሥራ በመመርመር እርዱን።

ገንዘቡን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የሃሪኬኑ ወቅት ጁን 1 ስለሚጀምርና ፈቃዱም ጊዜ ስለሚወስድ መዋጮው ከፋሲካ በፊት እንዲጠናቀቅ እንለምናለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከገንዘቡ እኩል ያስፈልገናል። ብቻውን የሚኖር አረጋዊ፣ ኦክስጅን ወይም ኢንሱሊን የሚጠቀም ሰው የምታውቁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን ለኮሚቴው ስጡን፤ በመኪና ሄደን እናመጣዋለን። የሚኖርበትን ፎቅም ጻፉልን፤ ሊፍት ስለማይኖር ስንት ሰው ይዘን እንደምንሄድ ማወቅ አለብን።