ሁለቱን ደን እናገናኝ

ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ዐረብ አገር የምትደክሙ፣ ይህ ጥሪ ለሁላችንም ነው።

ከደሴ ሐይቅ መንገድ ወደ ሰፈራችን ስትገነጠሉ ሁለት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ይታያችኋል። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። ማዶ ያለው ደግሞ ሸሆቹ ያረፉበት የመቃብር ደን። በመሀላቸው ቦረቦር አለ። ልጅ ሆኜ በአንድ ዝላይ እሻገረው ነበር። አሁን በሬ ከገባበት በገመድ ነው የሚወጣው።

ደኖቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ። ከሥራቸው ግን ምትክ የለም። ጥዱና ወይራው አርጅቷል፤ የበቀለውን ቡቃያ ከብት ይረግጠዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ትልቁ ችግር የደኑ ማነስ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሄክታር ደን፣ ጎኑ 100 ሜትር ይሁን። ንፋስ፣ ሙቀትና ከብት ከየአቅጣጫው 20 ሜትር ቢገቡበት፣ መሀል ላይ የሚቀረው 60 በ60 ነው፤ ከመቶ 36 ብቻ። ጎኑ 300 ሜትር ቢሆን ኖሮ ከመቶ 75 ያህሉ ይተርፍ ነበር። የሚገባው ጉዳት ያው 20 ሜትር ነው። ትንሹን ደን ግን አብዛኛውን ይወስድበታል።

ሆሊንግ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ሳነብ የእኛው ሰፈር ነው የታየኝ። ጽናት ማለት አለመናወጥ አይደለም ይላል፤ ተናውጦም ማንነትን ሳያጡ መቀጠል ነው። ለዚያ ደግሞ ትንሹም ትልቁም፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም ያስፈልጋል። ትንሿ ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን እዚያው አካባቢ ትጥላለች። ትልልቆቹ ወፎች ራቅ ወዳለ ቦታ ይወስዱታል። አንዱ ደን በእሳት ወይም በድርቅ ቢጎዳ ዘር የሚመጣለት ከጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ከሌለው ግን ማን ያቋቁመዋል? ጎርፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚገምሰውን መሬት፣ ጥድ ዕድሜ ልኩን ነው የሚጠግነው።

ለዚህ ነው ችግኝ ብቻ ተክለን እንለያይ ያላልነው። በየዓመቱ ተክለናል፣ በየዓመቱም ደርቋል። እኔም ተክለው ዞር ብለው ካላዩት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ይቆጨኛል።

በደቡብ ጎንደር ዶ/ር አለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከአድባራቱ ጋር ሆነው በደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር አሠርተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ጸዳ፣ ደኑ ታጠረ። የእኛም ማሳ ድንጋይ ሞልቶታል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ደን በካብ እናጥራለን። ቦረቦሩን በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ እንገድበውና ዳርና ዳሩን ከደን እስከ ደን ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ግራር እንተክልበታለን። ባሕር ዛፍ አንተክልም፤ በዚህ ላይ ክርክር ነበር፣ አሁን ተስማምተናል። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ግን ለወፍና ለዘር መንገድ ይሆናል። በመሀል ለከብት መሻገሪያ እንተዋለን፤ የድሀውን በሬ ዘግተን የምናቆመው ደን አይዘልቅም።

ጉልበቱን የሰፈሩ ሰው በወንፈል ይሸፍናል። ካህናቱም ሸሆቹም ተስማምተዋል፤ ቅሬያችንም፣ ማለትም ዕድራችን፣ እንደምታውቁት የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። ገንዘብ የምንፈልገው ለጋቢዮን ሽቦ፣ ለችግኝ ጣቢያው ፕላስቲክና ውኃ፣ ለመኪና ጭነትና ለሁለት ጠባቂዎች ደመወዝ ነው። ጠባቂዎቹን አደራ አትናቁብን። ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ካልተጠበቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

የአንድ ሜትር ሽቦ ዋጋም ቢሆን ደስ እያለን እንቀበላለን። ገንዘቡ በቅሬው ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ይገባል፤ ቁጥሩን ከቅሬው ጸሐፊ ወይም እዚህ ካሉ ዘመዶቻችሁ ጠይቁ። ወጪው በየወሩ በቅሬው ስብሰባ ይነበባል፣ ወረቀቱን በስልክ እንልክላችኋለን። ካቡንና ጋቢዮኑን ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን መጨረስ አለብን። ተከላው ሐምሌ ነው። መምጣት የምትችሉ አካፋ ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው ከእኛ ነው። አብሽሩ።