የክላፕተንን የኋላ አልበሞች እርጅና አላበላሻቸውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የእንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ የኤሪክ ክላፕተን የኋላ አልበሞች ወጣ ገባ የሆኑት በእርጅና ነው የሚለውን አንቀበልም። ልዩነቱ የመጣው ከድምፅ አቀራረጹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ፍሮም ዘ ክሬድል» ስሙት፤ 16ቱም የቆዩ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ዘፈኖች ናቸው፣ ባንዱ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ላይ ተጫውቶ ነው የተቀዳው። ኋላ የተጨመረው በአንዱ ዘፈን ዶብሮ ጊታር፣ በሌላው ከበሮ ብቻ ነው። በ1998ቱ «ፒልግሪም» ግን ብዙ ቦታ ምቱን የያዘው ማሽን ነው። ጊታሩ ሲያይል ከበሮው አይበረታም፣ ሲለዝብም አይለዝብም፤ ብሉዙ የሚደርቀው እዚህ ላይ ነው። አምባሰልን በማሲንቆ ያደገ የወሎ ጆሮ ይህን ቶሎ ይለየዋል፤ ማሲንቆ የዘፋኙን ትንፋሽ ይከተላላ! ተከራካሪዎች ሁለቱን አልበሞች አከታትለው ይስሙ፤ ጊታሩን ትተው ከበሮውን ብቻ።

ከደሴ