ልጄ ባልተማረችው ትምህርት 94 አመጣች

ለተከበሩ የክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለልጄ የተሰጣት ውጤት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ወላጅ ውጤት ይጨመርልኝ ብሎ ሲሟገት እንጂ ይሰረዝልኝ ሲል ሰምተው እንደማያውቁ እገምታለሁ። አራተኛ ክፍል የጨረሰችው ልጄ ሰኔ 30 ይዛው በመጣችው ካርድ ላይ ሥዕል ከሚሰጥበት ትምህርት፣ «ክወናና እይታ ጥበባት» ከሚለው አጠገብ 94 ተጽፏል።

መስከረም ላይ የገዛሁላትን የቀለም እርሳስ ከቦርሳዋ አወጣሁ። አሥራ ሁለቱም እርሳሶች ቁመታቸው እኩል ነው፤ አንዱንም መቅረጫ አልነካውም። በሥዕል ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሟና ክፍሏ አለ፤ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። «ምን ሠርተሽ ነው ይህን ያገኘሽው?» ብላት «እኔ እንጃ አባዬ፣ ሁላችንም ከዘጠና በላይ ነው ያገኘነው» አለችኝ።

ትምህርቱ የራሱ መጽሐፍና የራሱ ክፍለ ጊዜ እንዳለው ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፕሮግራም ሐሙስ አራተኛው ክፍለ ጊዜ የእርሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን የሒሳብ ማጠናከሪያ ሲሰጥበት ከረመ። (ልጄ በሒሳብ ያገኘችው 71 ነው። ለፍታ ያመጣችው ስለሆነ አምኜ ተቀብያለሁ።) የሥዕል መምህሩም አልጠፉም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የቀሩ መምህራንን ክፍል ይጠብቃሉ። ቁጥጥር ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ ቀለምና ብሩሽ ይሰጣቸውና የምግብ መፍጫ አካላትንና የኢትዮጵያን ካርታ በግድግዳው ላይ ሲያድሱ ይሰነብታሉ። ልጆቹ በመስኮት ያዩአቸዋል። ምናልባት 94ቱ የተሰጠው ለዚያ ይሆን?

ምክትል ርእሰ መምህሩን ብጠይቅ «ፈተና ላይ ለማይወጣ ነገር ለምን ይደክማሉ?» አሉኝ። ወረዳው ወደ እናንተ ላከኝ። የካቲት ላይ አንድ፣ ግንቦት ላይ አንድ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ማኅተም ተመታባቸው፣ መዝገብ ቤት ገቡ። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። መልሱ ሰኔ ላይ በካርድ መጣልኝ።

እኔ የቤት ዕቃ የምሠራ አናጢ ነኝ። ሥራ ፈልገው የሚመጡ ወጣቶችን ፊት ለፊታቸው ያስቀመጥኩትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሣሉልኝ እላቸዋለሁ። አራት እግር አድርገው የሚሥሉ አሉ። እጃቸው ከድቷቸው አይደለም፤ በርጩማውን አላዩትም፤ የሣሉት ከዚያ በፊት የሚያውቁትን ነው። ሥዕል መጀመሪያ የሚያስተምረው ማየትን ነው። ይህ ለአናጢ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልዎት። የአንደኛ ክፍል ልጅ 231 ፊደላት ይጠብቁታል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለያት ያቺ ትንሽ ጭረት ከእግሩ ወገብ ላይ ወጣች ወይስ ከግርጌው የሚለው ነው። ይህን የሚለይ ዓይን ዱላ በመዘርጋት አይመጣም፤ ቅጠል፣ ጀበና፣ የጎረቤት ፍየል እያዩ በመሣል እንጂ።

«ልጅዎን ሠዓሊ ሊያደርጓት ነው?» ብሎ የሳቀብኝ የእናንተው ባለሙያ ነው። አይደለም። ነገር ግን አፈወርቅ ተክሌም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። እዚያ ተሰጥኦአቸው ታይቶ ወደ ሥዕል እንዲዞሩ ተበረታቱ። ለውጭ እንግዳ በኩራት የምናሳየው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ከዚያ የመጣ ነው። የእናንተ ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ሐሙስ አራተኛውን ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ሲያጠናክሩ ያሳልፉት ነበር።

ስለዚህ 94ቱን ይሰርዙልኝ። በቦታው «አልተማረችም» ተብሎ ይጻፍ። አማካይዋ ቢወርድ፣ ደረጃዋ ቢቀንስ ቅር አይለኝም፤ ልጄ ያልሠራችበትን መቀበል በአራተኛ ክፍል እንድትለምድ ግን አልፈልግም። ለመስከረም ሐሙስ ወደ ቦታው ከተመለሰም እርሳሶቹ አሉ፤ አዲስ መግዛት አያስፈልገኝም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ወላጅ

ግልባጭ፦
የየካቲቱና የግንቦቱ ማመልከቻዎቼ ለሚገኙበት መዝገብ ቤት