የኤሌክትሪክ ብስክሌት የፍጥነት ወሰን ዳገትና ቁልቁለታችንን ያገናዝብ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተብሏል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን ለተማሪውና ለደመወዝተኛው አቅም ከመኪና ይልቅ የሚቀርብ ሆኖ ሳለ በቂ ትኩረት አላገኘም። በደሴና በኮምቦልቻ ጎዳናዎች ከመብዛቱ በፊት የፍጥነት ወሰኑ በግልጽ ሊደነገግ ይገባል እላለሁ።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ ብስክሌት እንደ ማንኛውም ብስክሌት ይቆጠራል፤ እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው ግን ከሞተር ብስክሌት ወገን ተመድቦ ታርጋና መድን ይጠየቅበታል። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ ባዋለችው ደረጃ ፍጥነቱን በ25 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩን በ400 ዋት፣ ክብደቱን ከነባትሪው በ55 ኪሎ ግራም ወስና ነበር።

የ25 ኪሎ ሜትሩን ወሰን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በ45 የሚሄድ ብስክሌት በ25 ከሚሄደው ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ የግጭት ኃይል ስለሚይዝ፣ እግረኛው፣ ባጃጁና ጭነት ያዘለው አህያ በአንድ መንገድ በሚጋፉባት በደሴ ፒያሳ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። የዋቱን ቁጥር ግን እንዳለ መቅዳት ለእኛ አይበጅም። ነጂው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድነት 130 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ብቻ ከ280 ዋት በላይ ያስፈልጋል። በ250 ዋት የታሰረ ሕግ የጦሳ ተራራን ግርጌ ዳገቶች በየቀኑ የሚወጣውን ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ሕገ ወጥ ሞተር ወደ መግዛት ይገፋዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ በጥብቅ ይወሰን፤ ጉልበቱ ግን ለዳገታችን እንዲበቃ ይፈቀድ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። የፍጥነት ወሰን የሚባለው ነገር የሞተሩን እገዛ ያቋርጣል እንጂ ብስክሌቱን አያቆምም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሞተሩን አጥፍቶም ቢሆን ከተፈቀደው ፍጥነት እጅግ ሊያልፍ ይችላል፤ ያውም የጭነት መኪኖች በሚመላለሱበት ጠመዝማዛ መንገድ፣ በክረምት ደግሞ በጉም ውስጥ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በባትሪውና በሞተሩ ምክንያት ከተራው ስለሚከብድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። የፊትና የኋላ ፍሬኖቹ ለየብቻቸው የሚሠሩና ጭነት የሚችሉ መሆናቸው ሳይረጋገጥ አንድም ብስክሌት ለሽያጭ መቅረብ የለበትም።

በብዙ ብስክሌቶች ላይ የፍጥነት ወሰኑን ማንሣት ቀላል መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የትራፊክ ፖሊስ ይህን በዓይን አይቶ ሊለይ አይችልምና ተጠያቂነቱ በቅድሚያ በአስመጪውና በሻጩ ላይ ይሁን፤ የሞተሩ ጉልበትና ከፍተኛው ፍጥነትም በማይነቀል ጽሑፍ በብስክሌቱ አካል ላይ ይታተም።

የሚመለከታቸው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች የፍጥነት ወሰኑን የሚደነግግ መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ጭነት የያዘ ብስክሌት በደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ላይ በዳገትም በቁልቁለትም እንዲፈትኑ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ እንዲያሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ