ደብዳቤ ለልጄ፦ ገና ላልበቀሉት ጥርሶች

ውድ ልጄ፣

የልጁን ተቅማጥ፣ አማትሽም «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ማለታቸውን ሰማሁ። እባክሽ ማንም ድዱን እንዳይነካው። እሳቸው ለልጁ አስበው ነውና ሳትቆጪ በአክብሮት አስረጃቸው።

«ግግ» የሚሉት፣ በአምስት ወር ሕፃን ድድ ላይ፣ ከፊት ጥርሶች ቦታ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ብሎ የሚያብጠው የክራንቻ ጥርስ እንቡጥ ነው። ክራንቻ ብቅ የሚለው ከ16 እስከ 22 ወር ገደማ ነው፤ እስከዚያ ከሥር እያደገ ድዱን ይገፋዋል። ተቅማጡ የሚመጣው ከሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ አንዳንዴም ከጡት ሌላ ነገር ያቀምሱታል፤ ጡጦው በደንብ አይቀቀልም። እብጠቱና ተቅማጡ በአንድ ወቅት ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ግግ ከወጣ በኋላ ሲቆም «አዳነው» ይባላል።

ግግ የሚወጣው በምላጭ፣ በምስማር ወይም በሾለ ሽቦ ነው። ድዱ ያለ ማደንዘዣ ተሰንጥቆ እንቡጡ ተፈልፍሎ ይወጣል። ገና ያልጠነከረ ነጭና ለስላሳ ነገር ስለሆነ ለእናትየው «ይኸው ትሉ» ተብሎ ይታያል። ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን በዚያ ላይ ደም ይፈሰዋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ካልጸዳ ብረት ቴታነስም ኤችአይቪም ሊገባ ይችላል። ቢተርፍ እንኳ ጉዳቱ አያበቃም። ቋሚው ክራንቻ የሚሠራው እዚያው የወተት ጥርሱ አጠገብ ስለሆነ ብረቱ እሱንም ያገኘዋል፤ ከዓመታት በኋላ ተጣሞ ወይም ጎድሎ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም።

ለተቅማጡ ጡት ከበፊቱ አብዝተሽ አጥቢው። አንድ የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከረጢት በላዩ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪና ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። በ24 ሰዓት ያላለቀውን ድፊው። ዚንክ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ20 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ግማሽ፣ በታለበ የጡት ወተት ሟሙቶ ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን አታቋርጪ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ካየሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አሁን ደግሞ ስለ ውሃው። ያለሽው ዝዋይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂም በመተሐራም፣ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቋሚ ጥርሶች ገለፈት (ጠንካራው የላይ ሽፋን) ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ ያኔ የተጠጣው ትርፍ ፍሎራይድ ጥርሱን አበልዞ ያወጣዋል። የሰፈርሽ ልጆች ጥርስ የበለዘው ስላልፋቁ አይደለምና ማንም አያሳፍራቸው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ይበረታል። የጡት ወተት ግን እናትየው ይህንኑ ውሃ ብትጠጣም ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ በይ የምልሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለአጥሚቱና ለገንፎው የዝናብ ውሃ ወይም ተለክቶ ዝቅተኛ መሆኑ የታወቀ ውሃ ለይተሽ አስቀምጪ።

ይህን ስልሽ የጥርስ ሳሙናን እንዳትፈሪ። በሳሙናው ያለው ፍሎራይድ የሚሠራው በጥርሱ ገጽ ላይ ነው፤ ዋናው ልጁ እንዳይውጠው መጠኑን ማሳነስ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል 1000 ፒፒኤም (የመጠን መለኪያ ነው) ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በሩዝ ፍሬ ልክ ለስላሳ ብሩሽ ላይ አድርጊ፤ ከሦስት ዓመቱ በኋላ በአተር ልክ። ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ የላይ ከንፈሩን በጣትሽ ገልጠሽ፣ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን ቦታ በትንንሽ ክብ እሺው። ጠዋትና ማታ ይሁን፤ ከማታው በኋላ ምንም ጣፋጭ አይቅመስ። ሲተኛ ምራቅ ይቀንሳል፤ ስኳር የገባበት ጡጦ አፉ ውስጥ ካደረ ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ አሲድ ይሠራል። ከንፈሩን ስትገልጪ በላይ የፊት ጥርሶች ላይ፣ ድዱን ተከትሎ፣ እንደ ጠመኔ የፈዘዘ ነጭ መስመር ካየሽ መበስበስ ጀምሯል፤ ገና ስላልተቦረቦረ ግን ስኳሩን አቁመሽ በሳሙናው ከበረታሽ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ከሆነ ወደ ጥርስ ሐኪም።

መፋቂያ ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ጫፉን አኝከሽ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ፣ የውስጡንም ጎን ፋቂ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለሽ ቶሎ አስሞዪው፤ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ በምራቅ ይተላለፋል፤ ምግብ አኝከሽ አታጉርሺው።

ስለ ግግ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ፤ ቡና ላይ ሲነሳ ዝም አትበይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብታስረዳቸው ደግሞ አማትሽም ይበልጥ ይሰማሉ። ቦኖውን የሚያስተዳድሩትን የፍሎራይዱ መጠን ስንት እንደሆነ ጠይቂና ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ከዚያ አይተን ለልጁ የትኛውን ውሃ እንደምትቀጂለት እንወስናለን።

እናትሽ