የተሰበረውን መጫኛ በላዩ ላይ መበየድ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብረት (መያዣው) ሲሰበር በላዩ ላይ መበየድ እንደሚበቃ ተጠቅሷል። እንዲህ የተበየደ ብረት ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል።

ብረቱ በአንድ ቀን ጭነት የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። አንዱ ብሎን ሲላላ ክብደቱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ንዝረቱ እያጠፈ እያቃና ከነባሩ ብየዳ ጠርዝ ወይም ከብሎን ቀዳዳው ዳር ስንጥቅ ያስነሳል። የስብራቱ አንዱ ክፍል ዝጎ ሌላው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስንጥቁ ቆይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቀድመው የሚታዩት ብሎኖቹ፣ የላስቲክ ማረፊያዎቹና ሻንሲው ናቸው። ስንጥቁ ሻንሲው ውስጥ ከገባ ቤት ውስጥ የሚጠገን አይደለም። መያዣው አሉሚኒየም ከሆነም በተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) አይሞከር፤ በማጣበቂያም አይዘልቅም፤ ይቀየር።

ብረት ከሆነ ፈትቶ አውርዶ መበየድ ነው የሚሻለው። ማውረድ ካልተቻለ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ (ኔጌቲቩ ይቅደም)፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው ሶኬት ይላቀቅ፣ የነዳጅ ታንኩ ይውረድና ይራቅ። የብየዳ ማሽኑ የመሬት ገመድ እዚያው ከሚበየደው ብረት ላይ ይያዝ። ጎማው አካባቢ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ኳሶቹን ይበላቸዋል።

ከመፍታት በፊት በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካ። ከወረደም በኋላ ብረቱ በወፍራም ላሜራ ላይ፣ በዚያው ርቀት በተበሱ ቀዳዳዎች በብሎን ይታሰር። ብየዳ ሲበርድ ይስባል። ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር ከሸሸ ሰው በቁልፍ እየጎተተ ያስገባዋል፤ ብረቱም ገና ሳይጫንበት ተወጥሮ ይኖራል። ለሁለተኛው ስብራት ትልቁ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው።

ስንጥቁ ብረቱን ለሁለት ካልከፈለው ጫፉ ላይ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበሳ፤ ካልተበሳ ከብየዳው ሥር መሄዱን ይቀጥላል። ከዚያ ስንጥቁ በግራይንደር በ«ቪ» ቅርጽ፣ ወደ ታችኛው ፊት እስኪጠጋ ይቦርቦር። ግራና ቀኙ 2 ሳንቲሜትር ያህል ከቀለም፣ ከዝገትና ከኒኬል ይጽዳ። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ጭሱ ትኩሳት ስለሚያስይዝ ልባጡ ይነሳ፤ ሥራውም ደጅ ላይ ይሁን።

ለ3 ሚሊሜትር ብረት 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ኢ6013 የተባለው ኤሌክትሮድ በ70 እስከ 80 አምፔር ይስማማዋል። አጭር አጭር ይበየድ፤ ቅርፊቱ በየመሐሉ በመዶሻ ይራገፍ። ውኃ አይነካው፣ በራሱ ይብረድ። መደገፊያ ላሜራ ሲጨመር ጫፉ እየጠበበ ይሂድ፤ ብረቱ ቱቦ ከሆነ በአግድም ዙሪያውን መበየድ አዲስ የመሰበሪያ መስመር ማስመር ነው።

የተዘረጋ ወይም ጥርሱ የተበላ ብሎን አይመለስ። 8.8 የጥንካሬ ደረጃ ያለው የ8 ሚሊሜትር ብሎን ወደ 25 ኒውተን ሜትር በሆነ የማጥበቂያ ኃይል፣ የ6 ሚሊሜትሩ ወደ 10 በሆነ ይጥበቅ፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይከበር። ስቱኮ መለቅለቅ ስንጥቅን ከመደበቅ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ስስ፣ ነጣ ያለ ቀለም ይበቃል። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ብሎኖቹ በድጋሚ ይፈተሹ። በብየዳው ዳር ፀጉር የመሰለ መስመር ከታየ ጭነቱ ይውረድ፤ ብየዳውም በላዩ ሳይደረብበት እስከ ሥሩ ተቦርቡሮ እንደገና ይሠራ።

አንድ የብየዳ ባለሙያ